ከደሴ ወርዶ ጅቡቲ ላይ አንድ ቀን፦ ባሕር ለማያውቅ የጓደኛ ቡድን

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ በጦሳ ሥር ያደገ ሰው ብዙ ውሃ የሚያውቀው በክረምት ከቦርከና ሙላት፣ በበጋ ደግሞ ከሐይቅ ዳርቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከጓደኞቹ ጋር ወደ ውጭ አገር ወጥቶ ሞክሮት የማያውቀውን ነገር ለመሞከር የሚያስብ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ቡድን፣ ዱባይን ከማለሙ በፊት ጎረቤቷን ጅቡቲን ቢያስብ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ የሚሻገረው መንገድ የወደብ ጭነት የሚመላለስበት ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ለሚሄድም በረራው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የመግቢያ ፈቃድና የመንገዱ ሁኔታ ከመነሳት በፊት ከሚመለከታቸው ክፍሎች ተጣርተው ማለቅ አለባቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ጅቡቲ ከተማ ከገባችሁ በኋላ በሚኖራችሁ አንድ ቀን ላይ ነው፤ ማለዳ በአሳል ሐይቅ፣ ረፋዱ ላይ በአርታ የባሕር ዳርቻ፣ ሲመሽ ከተማ ውስጥ።

ዕቅድ ሲወጣ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው በጣም ደፋር የሆነውን ጓደኛ በመከተሉ ነው። ትክክለኛው ዕቅድ የሚለካው ውሃን አብልጦ በሚፈራው ሰው ነው፤ እሱ የሚችለውን ሌሎቹም ይችሉታል፣ እሱ ከፈራ ግን ግማሹ ቡድን ሲያባብል ይውላል። አሳል ከባሕሩ የሚቀድምበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ዋና የማያውቅ ሰው እንኳ ሳይወድ በግዱ የሚንሳፈፍበት ውሃ ስለሆነ፣ ፍርሃቱን እዚያ ትቶ ወደ ባሕሩ ይመጣል።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የደጋ ሰው ጥላ ከመፈለግ ሌላ ሥራ አይኖረውም። የመረጥነው ወቅት ጾመ ነቢያት የሚገባበት በመሆኑ ግን፣ ማን ምን እንደሚበላ ከቤት ሳይወጣ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር በተራበ ሆድ ምግብ ቤት ገብቶ መጀመር አይገባም። በጅቡቲ የዕረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆኑ፣ ጀልባም መኪናም ሳይጨናነቅ ለማግኘት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት አንዱን ምረጡ።

ገንዘቡን እንደ እቁብ አንድ ሰው ይያዘው። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተቆራኘ ሆኖ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ስለሚመነዘር ሒሳቡ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የከተማዋ ውድነት ነው። መኪናና ጀልባ የሚከፈለው በአብዛኛው በሰው ሳይሆን በጉዞ ስለሆነ፣ አራት ወይም አምስት ሆኖ መሄድ ወጪውን ያቃልላል።

ስለ ሰዓት አንድ ቃል ልጨምር። የጅቡቲ ሰዓት ከእኛው ጋር እኩል ነው፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ባለጀልባው «ስድስት ሰዓት» ሲለን በእኛ አቆጣጠር ቀትር መስሎን ተኝተን አረፈድን፤ እሱ ግን ያለው ንጋት 12 ሰዓትን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ከስልክ ላይ በጣት ሳናሳይ ቀጠሮ አንይዝም።

ከከተማዋ እስከ አሳል ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መነሳት ይገባል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ሲሆን፣ ከደሴ ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ይህን በዓይን ለማየት የሚወድ ሰው ደሴ ላይ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ይሂድ፤ የቆላው አየር ከውጭ ስለሚጫነው አሳል ሲደርስ ተጨማዶ ያገኘዋል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጆሮ የሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ይከፍተዋል፤ ይህችን ዘዴ አትርሷት፣ ኋላ ትፈለጋለች። ሐይቁ አጠገብ የምታዩት ጥቁር ዓለት የእሳተ ገሞራ ቅሪት ነው፤ በአካባቢው ያለው አርዱኮባ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ነበር። የባሕር ውሃ በአቅራቢያው ካለው፣ ጉቤት ከሚባለው ባሕረ ሰላጤ በዓለቱ ስንጥቅ እየሰረገ ሐይቁን ይመግበዋል፤ ፀሐዩ ውሃውን ሲያተንነው ጨው ይቀራል። የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች ከዚህ ጨው እየጫኑ ወደ ደጋው ይወጡ ስለነበር፣ የባቲን የሰኞ ገበያ ለሚያውቅ የወሎ ሰው ቦታው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከቡድኑ አፋርኛ የሚችል ካለም ከፈረንሳይኛ የበለጠ ያገለግላችኋል።

የአሳል ውሃ ከተራ ባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ዳርቻው በተሳለ የጨው ድንጋይ የተሸፈነ ስለሆነ ባዶ እግር መግባት አይታሰብም፤ ለዚህ ከኮንጎ ጫማ የተሻለ አላገኘሁም፣ ውሃ አያበላሸውም፣ ቢጠፋም አያስቆጭም። በዋዜማው ጢምም ሆነ እግር አትላጩ፤ ትንሽ ጭረት ሁሉ ታቃጥላለች። ሲገቡ እስከ ጉልበት ድረስ በእርጋታ መራመድ፣ ከዚያ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ወደ ኋላ ጋለል ማለት ነው፤ ውሃው ራሱ ያነሳል። በደረት መተኛትና መንቦጫረቅ ክልክል መሆን አለበት፤ ጠብታው ዓይን ከገባ የቀኑ ደስታ በዚያው ያበቃል። ለመነሳት ጉልበትን ወደ ደረት አጥፎ እጅን ወደ ታች መግፋት ይበቃል። ከሩብ ሰዓት በላይ አትቆዩ፤ ስትወጡም ጨው ሳይደርቅባችሁ ታጠቡ። በአካባቢው የሚታጠቡበት ንጹሕ ውሃ አገኛለሁ ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ ከከተማ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ መጫን የግድ ነው። ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር የሚጠጣ ውሃ ያዙ። የጨው ነጸብራቅ ከታችም ስለሚያቃጥል፣ ባርኔጣ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቁር መነጽር ያስፈልጋል።

ከአሳል ሲመለሱ ወደ አርታ የባሕር ዳርቻ የሚወስደው ቁልቁለት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መኪናው ጠንካራ ፎርዊል ድራይቭ መሆኑን ስትከራዩ አረጋግጡ። እዚህ የሚሞከረው ስኖርክሊንግ ነው፤ በውሃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሣና ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት) እየተመለከቱ መንሳፈፍ። ልምምዱ ግን መጀመር ያለበት ደሴ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ትልቅ ሳፋ ውሃ ሙሉና መነጽሩን አጥልቃችሁ፣ ቱቦውን ነክሳችሁ ፊታችሁን አምስት ደቂቃ ያህል ነክሩ። በአፍንጫ ሳይሆን በአፍ ብቻ መተንፈስ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ ያ ጭንቀት በሳፋ ላይ ቢወጣ ይሻላል። ሰው ሊስቅ ይችላል፣ ይሳቅ።

ባሕሩ ላይ መነጽሩን ከማጥለቃችሁ በፊት የውስጡን መስታወት በምራቅ አሽታችሁ አለቅልቁት፣ ጉም አይዝም። አንድ የፀጉር ዘለላ ከጎማው ሥር ከገባች ውሃ ታስገባለች። ሹሩባ ያላችሁ ፀጉሩን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ተለማመዱ፤ ቱቦው ውስጥ ውሃ ሲገባ በኃይል «ፉ» ብሎ ማስወጣትን ሳትችሉ ወደ ጥልቁ አትሂዱ። ዋና የማያውቅ ሰው ላይፍ ጃኬት ሳያጠልቅ ከጀልባ አይውረድ፤ የሚያውቅም ቢሆን የሐይቅን ውሃ ከባሕር ሞገድ ጋር አያመሳስል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ እጅ ለእጅ በምትያያዙበት ርቀት ሂዱ። በአለባበስ በኩል ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ጠባብ ሱሪ ሙስሊምም ሆነች ክርስቲያን ለምትሆን ጓደኛ አገሩንም አይቃረንም፣ ከፀሐይም ያድናል። ኮራል ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ አይረገጥም፣ አይነካም።

ከኅዳር እስከ ጥር የአርታ ዳርቻ ወዳለበት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። ከዓሣ ዘር ሁሉ በግዝፈት የሚበልጠው ይህ ፍጥረት የሚበላው ውሃ እያጣራ ጥቃቅን ነፍሳትን ስለሆነ ሰውን አያጠቃም፤ ጅራቱ ግን ሳያስብ ሊመታ ይችላልና ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ፣ ከፊቱም አትቁሙ። ጀልባ ላይ ራሱን የሚያዞረው ሰው የማቅለሽለሽ መከላከያ ኪኒኑን የፋርማሲ ባለሙያ አማክሮ ከመሳፈሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይውሰድ፣ ተሳፍሮም ዓይኑን ከአድማስ ላይ አያንሳ።

ከቡድኑ አንዱ በአየር ሲሊንደር ጠልቆ ማየት፣ ማለትም ስኩባ መሞከር ሊያምረው ይችላል። ለጀማሪ የሚፈቀደው ከአሠልጣኝ ጋር እስከ 12 ሜትር ጥልቀት ነው። አሥር ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከላይኛው እጥፍ ስለሆነ፣ በቁልቁለቱ የተማራችኋት የጆሮ ዘዴ በየሜትሩ ትፈለጋለች፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አይጥለቅ፤ ወደ ላይ ሲወጣም ትንፋሹን ፈጽሞ አይያዝ። ለባሕር ዳር ሰው የተጻፈ ምክር እምብዛም ክብደት የማይሰጠው፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ መመለሱ ነው። ጠላቂው በግፊት ውስጥ የተነፈሰው ናይትሮጅን በደሙ ይሟሟል፤ ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚንተከተከው አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲከፋም ነርቭን ይጎዳል። ከመጥለቅ በኋላ ለአውሮፕላን 18 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ምክር ነው፤ የደሴ ከፍታ አውሮፕላን ውስጥ ካለው የአየር ሁኔታ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ በመኪና የሚወጣም ሰው ከዚህ ነፃ አይደለም። ስኖርክሊንግ ብቻ የሠራ ሰው ግን ይህ አያሳስበውም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከተማ ስትገቡ ጎዳናው ጭር ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሙቀቱና ከእኛው አገር የሚሄደው ጫት ሰዉን ቤቱ ከትተውታል። እናንተም ታጥባችሁ ተኙ። ማምሻውን በየመን አሠራር መሐሉ ተከፍሎ በምድጃ የሚጋገረውን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በእጅ ብሉ፤ ጾመኛው ጓደኛም አስቀድሞ የተነጋገራችሁበትን ያዛል። ከዚያ በእግር የሚደረስበት የቀድሞው የምኒልክ አደባባይ አለ፤ ዛሬ በይፋ የሚጠራው አገሪቱ ነፃ በወጣችበት ቀን፣ በ27 ሰኔ 1977 እ.ኤ.አ. ነው። ሻይ ይዛችሁ እዚያ ስትቀመጡ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ያሰማ። ስኩባ የሞከረ ካለም የመመለሻው ሰዓት በእሱ ይወሰን፤ በማግስቱ ማለዳ ወደ ባቲ ዳገት ከመነሳት ይልቅ ያን ቀን ገበያ ላይ ውላችሁ፣ አንድ ሌሊት ጨምራችሁ ተነሱ።