ስንት ጥያቄ በአንድ ጊዜ? የትይዩ ዳታ ጥያቄዎችን የማመጣጠን መመሪያ

የዕቃ ዋጋና የምንዛሪ ተመን ከሩቅ ሰርቨሮች በየጊዜው የሚያመጣ ፕሮግራም ድሬዳዋ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚታገለው ከመስመሩ ጥበት ይልቅ ከርቀቱ ጋር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ሰርቨር የተላከ ጥያቄ መልሱን ይዞ እስኪመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይዘረጋና በመንገዱ ራውተሮች ስላሉ በተግባር ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ የሚልክ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

በትይዩ የሚላኩትን ጥያቄዎች ቁጥር ለመገመት የወረፋ ሒሳብ ተመራማሪው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው የወረፋ ሕግ ጥሩ መነሻ ነው። በሰከንድ የሚፈለገው የመልስ ብዛት እያንዳንዱ መልስ በሚፈጀው ጊዜ ሲባዛ፣ በአንድ ጊዜ በመንገድ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸውን ጥያቄዎች ቁጥር ይሰጣል፤ በሰከንድ 40 መልስ ለሚፈልግና እያንዳንዱ 250 ሚሊ ሰከንድ ለሚወስድበት ሰው 10 ይበቃዋል። ከዚያ በላይ መጨመር፣ ከከዚራ ወደ መጋላ በሚያሻግረው የደቻቱ ድልድይ መግቢያ ላይ ባጃጅ እንደ መደርደር ነው፤ የሚሻገረው አይበዛም፣ ሰልፉ ግን ይረዝማል። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ሥራዬ 64 ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ እየለቀቅሁ፣ አማካዩን ብቻ ስለምመለከት፣ ጥቂት መልሶች እጅግ እየዘገዩ መሆናቸውን ሳላስተውል ሰንብቻለሁ።

ስሌቱ ግን መነሻ ብቻ ስለሆነ መለካት ግድ ነው። በ2 ጥያቄ ጀምረው ወደ 4፣ 8 እና 16 እያሳደጉ በየደረጃው ለጥቂት ደቂቃዎች ያስኪዱ፤ በሰከንድ የተጠናቀቁትን ጥያቄዎች ብዛትና ከመቶው መልስ 95ቱ የገቡበትን የጊዜ ገደብ ይመዝግቡ። የተጠናቀቁት ብዛት ቆሞ የጊዜ ገደቡ ብቻ መጨመር ሲጀምር አንድ ደረጃ ይመለሱ። ልኬቱ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይደረግ፤ በሌሊት በባዶ መስመር ላይ የተገኘ ቁጥር ጠዋት ያሳፍራል።

አዲስ ግንኙነት መክፈትም ዋጋ አለው። ግንኙነቱን ለሚመሠርተው ደንብ ለቲሲፒ አንድ፣ መልእክቱን ለሚመሰጥረው ለቲኤልኤስ 1.3 ደግሞ አንድ ተጨማሪ ደርሶ መልስ ይጠይቃልና ግንኙነቱን ሳይዘጉ ደጋግሞ መጠቀም ይመከራል። የድር ጥያቄዎች የሚላኩበት ደንብ ሁለተኛ ስሪት የሆነው ኤችቲቲፒ/2 ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ግንኙነት ያስተላልፋል፤ ሆኖም አንድ ፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ሲጠፋ ከኋላው ያሉት ሁሉ ስለሚቆሙ፣ ፓኬት በሚጥል መስመር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ግንኙነት መያዝ ሳይሻል አይቀርም።

በአንድ ጊዜ ለሚላኩት ጥያቄዎች ቁጥር ለሁሉም ሰርቨሮች አንድ የጋራ ገደብ ማድረግ ከባድ ስሕተት ይመስለኛል። አንዱ ሰርቨር ሲንቀራፈፍ ያሉትን ቦታዎች በሙሉ ይዞ ጤነኞቹን ያስርባል፤ ስለዚህ ለየሰርቨሩ የራሱ ገደብና የመጠበቂያ ጊዜ ጣሪያ ይሰጠው፤ ከባድ ፋይሎችም ከጥቃቅን የዋጋ ጥያቄዎች ተለይተው ይሰለፉ። ሰርቨሩ ጥያቄ መብዛቱን የሚገልጸውን የ429 መልስ ኮድ ከመለሰ፣ አብሮ የላከውን የቆይታ ጊዜ ማክበር ይገባል፤ ካልላከ በየሙከራው ቆይታውን እጥፍ እያደረጉ፣ ሁሉም ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት እንዳይመለሱ በዘፈቀደ የተመረጠ ትንሽ ጊዜ ይጨምሩበት። ገደቡም ራሱን እንዲያስተካክል፣ መልሶች በጊዜው ሲገቡ በአንድ ከፍ፣ መዘግየት ሲታይ ደግሞ በግማሽ ዝቅ እንዲል አድርገው ይጻፉት።