ሞተሩን ከመቀጠላችሁ በፊት ታርጋውን አንብቡ

የመጀመሪያ ሞተሬን ያቃጠልኩት ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ገና ተለማማጅ ነበርኩ። አለቃዬ ምሳ ሊበሉ ወጡ፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ ለመባል ሞተሩን ቀጥዬ አስነሣሁት። ትንሽ ዞረ፣ ጮኸ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጋሼ ሲመለሱ አልተቆጡም። «ታርጋውን አይተኸው ነበር?» ብቻ አሉኝ። አላየሁትም።

ታርጋው፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው የመረጃ ሳህን፣ 220/380 ቮልት፣ ዴልታ/ስታር ይላል። ዴልታና ስታር የሞተሩ ሦስት የሽቦ ጥቅሎች የሚያያዙባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። እያንዳንዱ ጥቅል የሚችለው 220 ነው ማለት ነው። የእኛ ስሪ ፌዝ መስመር፣ ሦስት ኤሌክትሪክ ያለባቸው ገመዶች (ፌዞች) ያሉት፣ ደግሞ በሁለት ፌዞች መካከል 380 አለው። ዴልታ ይህን 380 ሙሉውን ለእያንዳንዱ ጥቅል ይሰጣል፤ ስታር ግን 220 ብቻ ያደርሳል። ስለዚህ ያ ሞተር በስታር ነው የሚታሰረው። እኔ በዴልታ አሰርኩት፤ ጥቅሉ የማይችለውን ቮልቴጅ ተጫነበት። ታርጋው 380/660 ቢል ኖሮ ዴልታው ልክ ነበር። 380/660 የሚለውን ሞተር በስታር ብታስሩት ደግሞ አይቃጠልም ብላችሁ አትመኑ፤ ጉልበት ያጥረውና እህል ሲገባበት ይቆማል፣ ይግላል።

ሳጥኑን ስትከፍቱ ስድስት ጫፍ ታገኛላችሁ። ከላይ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብልዩ1፤ ከታች ደብልዩ2፣ ዩ2፣ ቪ2። ሦስቱን ማያያዣ ሳህኖች ከላይ ወደ ታች ካቆማችኋቸው ዴልታ ነው። የታችኛውን ረድፍ በአግድም ብታያይዙ ስታር። የመስመሩ ፌዞች በሁለቱም መንገድ ከላይኞቹ ላይ ይገባሉ፤ ኧርዙ (የመሬት ገመዱ) ከሞተሩ አካል ጋር።

ከዚያ በፊት ግን ፍተሻ። ብሬከሩን አውርዱ፣ መስመሩ መሞቱን በቴስተር አረጋግጡ፣ ሳህኖቹን ፍቱ። ሦስቱን ጥቅሎች በኦም ለኩ፤ ቁጥሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ዋናው ሦስቱ እኩል መሆናቸው ነው። ቀጥሎ ጥቅል ከጥቅል፣ ጥቅል ከአካል አለመነካካታቸውን ለኩ። እዚህ ላይ ተራ ቴስተር ያታልላችኋል፤ ባትሪው እርጥበትን አያጋልጥም። ሜገር፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሽቦውን መከላከያ የሚለካው መሣሪያ፣ ያስፈልጋል፤ በ500 ቮልት ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም። ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ውሃ የገባበትን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ድጋሚ ስለካው ያለፈልኝ አለ፤ ሁሉም የጥቅለላ ደንበኛ አይደለም።

ሲንግል ፌዝ ሞተር፣ በአንድ ፌዝና በኒውትራል የሚሠራው፣ የውሃ ፓምፕ እንበል፣ ሦስት ገመድ ብቻ ያወጣል። ምልክቱ ከጠፋ ሁለት ሁለቱን ለኩ። 4፣ 7 እና 11 ኦም አገኛችሁ እንበል። 11 ያሳዩት ሁለቱ የራን (የዋናው ጥቅል) እና የስታርት (የማስነሻው ጥቅል) ጫፎች ናቸው፤ የቀረው ኮመን፣ የሁለቱ የጋራ ጫፍ፣ ነው። ከኮመን ጋር 4 የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ራን፣ 7 የሚለው ስታርት። ካፓሲተሩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ዕቃ፣ በራንና በስታርት መካከል ይገባል፤ ፌዝ በራን፣ ኒውትራል በኮመን። እያጉረመረመ የማይነሣ ከሆነ መጀመሪያ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። ከመንካታችሁ በፊት ግን ያከማቸውን ኤሌክትሪክ በአምፖል አራግፉት። እኔን አንዴ በጥፊ መትቶኛል።

ወደ ወፍጮው እንመለስ። ቺንጋውን አውልቃችሁ ሞተሩን ለአፍታ ብቻ አስነሡ። ወደ ኋላ ከዞረ መስመሩን አጥፉና ከሦስቱ ፌዞች ማንኛቸውንም ሁለቱን አቀያይሩ። ቺንጋው ከገባ በኋላ እህል ጨምራችሁ በክላምፕ፣ ገመዱን አቅፎ አምፔር በሚለካው፣ ለኩ። 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር በሙሉ ጭነት ወደ 15 አምፔር ይስባል፤ ሦስቱም መቀራረብ አለባቸው። ኦቨርሎዱን፣ ጭነት ሲበዛ የሚያቋርጠውን፣ በታርጋው አምፔር ላይ አስተካክሉ፤ «እንዳያቋርጥ» ብሎ ከፍ የሚያደርገው ባለወፍጮ በኋላ ሞተሩን ተሸክሞ ይመጣል።

የመጣውን ስከፍተው ጠቁሮ የማገኘው ብዙ ጊዜ ከፊሉ ጥቅል ነው። በስታር የታሰረ ከሆነ ሁለቱ ይጠቁራሉ፣ በዴልታ ከሆነ አንዱ። ይህ አንድ ፌዝ ጠፍቶ በሁለት ሲሮጥ የከረመ ሞተር ነው። ስለዚህ አስጠቅልላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ፊውዙንና የኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) ሦስት ጥርሶች አንድ በአንድ እዩ።