የፈረስ እግር ሲቆስል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጋሪ ነጂ ፈረሱን እየሳበ መጣ። ፈረሱ የኋላ ግራ እግሩን መሬት አያስነካም። ከቋንጃው በታች ያለው ቦታ በሙሉ ጥቁር ነገር ተለውሶበታል። «ምንድነው ይሄ?» አልኩት። «የተቃጠለ ዘይት ነው ዶክተር፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ብዬ።» ቁስሉ መቼ እንደደረሰበት ስጠይቀው ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ቆርቆሮ ሲያራግፉ ነው የቆረጠው።

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላይ የጋሪና የኮርቻ ፈረሶችን ሳክም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህን ዘጠኝ ቀን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ልጁ ፈረሱን ይወዳል፣ ሲያሻሸው አይቻለሁ። የጎደለው እውቀት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የፈረስ እግር ከጉልበትና ከቋንጃ በታች ሥጋ የለውም። ቆዳ፣ ጅማት፣ አጥንት፣ በቃ። ደም እንደ ልብ አይደርሰውም። ሁልጊዜ ከአፈርና ከፋንድያ ጋር ነው። ደረት ወይም ታፋ ላይ የተተረተረ ቁስል ሲድን አይታችሁ እግርንም በዚያ አትለኩት። እግር ላይ አዲስ ቆዳ ከቁስሉ ዳር ወደ መሐል የሚያድገው በቀን 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ10 ቀን 1 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ቁስሉ ሊሰፋ ይችላል። ባለቤቱ ያን ጊዜ ይደነግጥና መድኃኒት ይቀያይራል።

በስፋቱ መፍረድ

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም እኔም ሠርቼዋለሁ።

ሰው ሰፊ ቁስል ሲያይ ይሮጣል። ቆዳው ተገልብጦ፣ ደሙ ወርዶ፣ ፈረሱ ቀይ ካልሲ የለበሰ መስሎ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ይከተላል። ያ ቁስል ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። ጥፍር የማታክል ቀዳዳ መገጣጠሚያ አጠገብ ስትኖር ግን ማንም አይሮጥም። «ጭረት ነች» ይባላል። ፈረስ የምትገድለው ያቺ ጭረት ነች።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አዛውንት ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው መጡ። የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው፣ ለትል መድኃኒት። ልሸኛቸው ስል የፊት ቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ በጎን በኩል፣ አንዲት ቀዳዳ አየሁ። «ይቺ ምንድነች አባባ?» አልኳቸው። «ተዋት ልጄ፣ አጥር ገጭቶ ነው» አሉኝ። ከቀዳዳዋ በታች ያለው ፀጉር ረጥቦ ተጣብቋል። ነካሁት። ቢጫ ቀለም ያለው፣ ጣቴ ላይ እንደ እንቁላል ውሃ የሚሳብ ነገር ነበር። የቁስል ውሃ መሰለኝ። ፈረሱም አያነክስም። ላይ ላዩን አጠብኩት፣ ፔንሲሊን ወጋሁት፣ «ምንም አይልም አባባ» ብዬ ሸኘኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ፈረሱ በሦስት እግሩ ነው የመጣው። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ እጅ ያቃጥላል። ከቀዳዳዋ አሁን የሚወጣው መግል ነበር። መገጣጠሚያውን ደጋግመን አጠብነው፣ ጊዜው ግን አልፏል። ያ ፈረስ ወደ ጋሪ አልተመለሰም። አዛውንቱ አንድም የወቀሳ ቃል አልተነፈሱም። ብቻ ሲወጡ ግንባሩን ዳሰስ አድርገው «በል እንሂድ» አሉት። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ያ እንደ እንቁላል ውሃ የሚሳብ ነገር የመገጣጠሚያው ውሃ ነው። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። እሱ ወደ ውጭ ከወጣ ቆሻሻም ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ ያላወቅሁት ሌላም ነገር አለ። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ ፈረሱ ደህና ሊራመድ ይችላል። የሚያነክሰው ቀዳዳው ሲደፈንና መግሉ ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ስለዚህ «አያነክስም እኮ» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ቁስሉ ከጉልበት፣ ከቋንጃ፣ ከቁርጭምጭሚት ወይም ከቅልጥሙ በስተኋላ ካለው ጅማት አጠገብ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ሐኪም በዚያው ቀን ይየው። ነገ ሳይሆን ዛሬ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የታጠበ መገጣጠሚያ ተስፋ አለው። ከሁለት ቀን በኋላ የሚመጣው ግን ያስለቅሳል።

ያገኙትን ሁሉ ማፍሰስ

የተቃጠለ ዘይት። ቤንዚን። የባትሪ ድንጋይ ዱቄት። አመድ። የቡና ዱቄት። ተከፍቶ የተበተነ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል። በጋለ ብረት መተኮስ። እነዚህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንዳንዴም ሦስቱን በአንድ እግር ላይ።

ቁስል የሚድነው በሕይወት ባለ ሥጋ ነው። የሚያቃጥል ነገር ሲፈስበት ጀርሙም ይሞታል፣ ሊያድን የተዘጋጀው ሥጋም አብሮ ይሞታል። የሚያረፋው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ያው ነው። ሲያረፋ የሠራ ይመስላል፣ ግን ጤነኛውን ሥጋ ይጎዳል። ዱቄትና ቅባት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እኔ ልሰፋው የምችለውን ቁስል መጀመሪያ ከዘይት ለማላቀቅ ግማሽ ሰዓት እፈጃለሁ። የመስፊያው ሰዓት ደግሞ አጭር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ስምንት ሰዓታት ናቸው። ሐኪም ሳያየው ምንም አትቀቡ። ምንም።

ዝንቡ ካስቸገራችሁ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

ደምን በየደቂቃው ገልጦ ማየት

ንጹሕ ጨርቅ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ ጫኑና 15 ደቂቃ ያዙት። በሰዓት! ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላዩ ጨምሩ እንጂ የመጀመሪያውን አታንሱት። ስታነሱት የረጋውን ደም አብራችሁ ትነቅላላችሁ። ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ትር ትር እያለ የሚረጭ ከሆነ እየጫናችሁ ሌላ ሰው ሐኪም ጋ ይደውል።

ውሃ መድፋትን እንደ ማጠብ መቁጠር

ከጉድጓድ በባልዲ ቀድቶ መድፋት ማጠብ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ወደ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ጨምሩበት። ባዶ ሃይላንድ ላይ ሙሉት። ክዳኑን በመርፌ ሦስት አራት ቦታ ብሱና እየጨመቃችሁ እርጩት። ቆሻሻውን አስለቅቆ የሚያወርደው ያ ቀጭን የውሃ ግፊት ነው። አዮዲን ካላችሁ በውሃ አቅጥኑት፣ መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል። ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስሱ።

ከሳምንታት በኋላ ስታጥቡ ደግሞ ከቁስሉ ዳር ሳሳ ያለ፣ ሮዝ የሚመስል ጠርዝ ታያላችሁ። አዲሱ ቆዳ ነው። በጨርቅ ፈትጋችሁ አታንሱት። አንድ ሚሊ ሜትሩ የ10 ቀን ሥራ ነው ብያለሁ።

በከመነዳሪ ማሰር

አንድ ጊዜ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ እግሩ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያሰረ ሰው ገጥሞኛል። ለሦስት ቀን አልፈታውም። ስፈታው ከሥሩ ያለው ቆዳ ሞቶ ነበር። መጀመሪያ የነበረው ቁስል የሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው።

እግር ላይ ሥጋ ስለሌለ ማሰሪያው የሚያርፈው ጅማትና አጥንት ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ጎዝ፣ ከላዩ ወፍራም ጥጥ ዙሪያውን፣ ከዚያ ፋሻ። ጥጡ ቁስሉን በቀጥታ አይንካ፣ ይጣበቅበታል። ጣታችሁ ከፋሻው ሥር መግባት አለባት። ከረጠበ፣ ከሸተተ ወይም ከተንሸራተተ ወዲያው ቀይሩት።

የናይሎን ገመድ እግር ማሰሪያም እዚሁ ላይ ይነሳ። እባካችሁ እግሩን በናይሎን አትሰሩ። የማያቸው የቁርጭምጭሚት ቁስሎች አብዛኞቹ ከሱ ናቸው።

መንጋጋ ቆልፍን መርሳት

ከቤት እንስሳት ሁሉ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ የሚጠቃው ፈረስ ነው። ጀርሙ አፈርና ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። የሚወደው ደግሞ አየር የማይገባበትን ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ነው። ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ስለሆነ ቁስሉ ያኔ ድኖ ሊሆን ይችላል። ሰውም ሁለቱን አያገናኛቸውም። ጆሮው ይቆማል፣ ጅራቱ ይነሳል፣ እግሮቹ እንደ በርጩማ እግር ይገተራሉ። ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፣ ያኔ ከዓይኑ የውስጥ ጥግ ነጣ ያለ ሽፋን ይወጣል። ማኘክ ያቅተዋል። እዚህ ከተደረሰ ማዳን በጣም ከባድ ነው። መከላከሉ ግን ቀላል ነው፤ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ክትባት፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ። ካልተከተበ በቆሰለ ቀን ለሐኪሙ ንገሩት።

ትርፍ ሥጋን እንደ ጤና ማየት

ቁስሉ በቀይ ሥጋ ሲሞላ ደስ ይላል። ያ ሥጋ ከቆዳው በላይ ሲነሳና አበባ ጎመን ሲመስል ግን ቆዳው ሊወጣበት አይችልም። በነካችሁት ቁጥር ይደማል። ሰማያዊ ድንጋይ እያደረጉ የሚያቃጥሉ አሉ። አዲሱን ቆዳ አብረው ያቃጥሉታል። ሐኪም ከቆዳው እኩል አድርጎ ይቆርጠዋል። ደም ይበዛዋል እንጂ ነርቭ ስለሌለው አያመውም። በቤት ውስጥ በምላጭ አትሞክሩት።

በእግሩ ሽቅብ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እባጮች እየፈነዱ ከሆነ ደግሞ ይህ ተራ ቁስል ላይሆን ይችላል። በጋሪ ፈረሶቻችን ላይ የሚታይ፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ አለ። ፈረሱን ለዩት፣ ዕቃውን ለሌላ አታውሱ፣ ሐኪም ጥሩ።

ከገበያ መርፌ ገዝቶ መውጋት

የማስታገሻ መርፌ ሕመሙን እንጂ መግሉን አያጠፋም። ፈረሱ ማነከሱን ያቆማል፣ ባለቤቱ ጋሪ ላይ ያስረዋል፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ውስጡን ይበላል። አንድ ቀን የተወጋ አንቲባዮቲክም ጀርሙን ያለማምደዋል እንጂ አይገድለውም።

ሚስማርን ነቅሎ መርሳት

ሰኮናው ውስጥ ሚስማር ከገባ፣ ሐኪም ቅርብ ከሆነ እንዳለ ተዉትና ፈረሱ እንዳይረግጠው እግሩን ደግፉ። የግድ ከነቀላችሁት ቦታውን ምልክት አድርጉበት፣ ምን ያህል እንደገባና ወዴት እንዳዘነበለ ያዙ፣ ሚስማሩንም አትጣሉት። ቀዳዳው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፣ እኔም ስፈልግ እውላለሁ።

ውሻ ከነከሰው በባዶ እጅ አትንኩት። ጓንት አድርጋችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን አሳውቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ለእናንተም ነው።

ቶሎ ጋሪ ላይ መመለስ

ይሄን ስናገር እፈራለሁ። ፈረሱ አንድ ቀን ካልሠራ ቤት ውስጥ እንጀራ እንደማይኖር አውቃለሁ። ቢሆንም እግሩ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ቁስሉ እየተተረተረ ይከፈታል፣ ትርፍ ሥጋውም የሚበዛው ለዚህ ነው። አሥር ቀን አርፎ ሊድን የሚችለው ሦስት ወር ሲያስተኛ አይቻለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ተራ ገብተው ያንዱን ፈረስ ሲያሳርፉ የሌላውን በጋራ የሚሠሩበት ጋሪ ነጂዎች አሉ። ከተቻለ እንደነሱ አድርጉ።

«እግሩ ቆስሏል» ብቻ ብሎ መደወል

ባለፈው ጥምቀት ማግስት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ደወለልኝ። ፈረሱ ጉግስ ላይ ነበር። «ዶክተር፣ የፊት ግራ እግሩ ነው፣ ከጉልበቱ በታች በስተኋላ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ደሙ ቆሟል። ሲረግጥ የሰኮናው ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል። ክትባት አልተከተበም። ምንም አልቀባሁትም።» ፎቶም ልኮ ነበር፣ ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ አንድ።

ጫፉ ተነሳ ያለው ነገር ብቻውን ከአልጋዬ አስነሳኝ። የሰኮና ጫፍ ሽቅብ ከተነሳ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ወደ መሬት ከሰመጠ የኋላው ጅማት ተቆርጧል። አንድም እርምጃ እንዳያስኬደው ነገርኩት። ስደርስ እንዳልኩት በረቱ ውስጥ አቁሞታል። በአንድ እጁ ልጓሙን፣ በሌላው ባትሪ ይዞ። ከቅልጥሙ ጀርባ በሁለት እንጨት ደግፌ አሰርኩት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋሁት፣ ጠዋት በአይሱዙ ጭነን ወሰድነው። ጅማቱ የተቆረጠው በከፊል ነበር። ስድስት ወር ቆሟል። አሁን ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ልጁም በየሳምንቱ ፎቶ ይልክልኛል።