ጅሬንንና የጅማን ዙሪያ በሁለት ቀን ለመጎብኘት

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ የጊቤን በረሃ ወርዶ የሚወጣው መንገድ በአውቶቡስ አብዛኛውን ቀን ስለሚወስድ፣ የደረሳችሁበትን ቀን ከጉብኝቱ አትቁጠሩት። በአውሮፕላን ጠዋት የጅማው አውሮፕላን ማረፊያ አባ ሰጉድ ካረፋችሁ ግን ከሰዓት በኋላውን ለከተማው ሙዚየም አውሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃል፤ አንዱ የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ላለበት ለጅሬን፣ አንዱ ለቡናው።

ሙዚየሙ ከቤተ መንግሥቱ መቅደም አለበት። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ክፍሎቹን በአሥር ደቂቃ ዞሮ «ባዶ ቤት ነው» እያለ ይመለሳል። የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች የተቀመጡት ከተማ ውስጥ ነው። ወንበራቸውንና የቤት ዕቃቸውን አስቀድማችሁ ካያችሁ፣ ጅሬን ላይ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ምን ይቀመጥ እንደነበር በዓይነ ሕሊናችሁ ትመልሱታላችሁ። የወንበሩን ስፋት ልብ በሉ፤ ንጉሡ ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል። ስሙም ትርጉም አለው፤ በጊቤ ነገሥታት (በጅማና በአካባቢዋ በነበሩት የኦሮሞ ነገሥታት) ዘንድ በ«አባ» የሚጀምረው መጠሪያ የፈረስ ስም ነው፣ ጅፋር የፈረሳቸው መጠሪያ ነበር።

ጅሬን ከከተማው መሃል ወደ ሰሜን ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለ ኮረብታ ነው። ባጃጅ ስትይዙ ለመሄጃ ብቻ አትስማሙ። ኮንትራት፣ ደርሶ መልስ፣ ከነመጠበቂያው ብላችሁ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ቆይታ ቁረጡ፤ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መመለሻ እንደ ልብ አይገኝም፣ የተገኘውም ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከከተማ ውጡ። ምክንያቱ ሙቀቱ አይደለም፣ ፀሐዩ ነው። ከተማዋ ከኮረብታው በስተደቡብ ምዕራብ ስለምትታይ ጠዋት ብርሃኑ ከኋላችሁ ይሆንና ሸለቆው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊታችሁ ላይ ስለሚወርድ ፎቶው ሁሉ ይነጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ ጫማችሁ ጭቃ የሚችል ይሁን። ዓርብ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚረዝም ከዚያ በፊት ጨርሱ። መግቢያ በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዝርዝር ብር ያዙ።

ቤተ መንግሥቱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። እ.ኤ.አ. በ1884 ለዳግማዊ ምኒልክ ለመገበር ተስማምተው፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ለአሥርት ዓመታት ቆዩ። ሕንፃው ሳይቃጠል ለዛሬ የደረሰው ከዚያ ስምምነት ጋር ይያያዛል ብለን እናምናለን። ግቢው አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ የንጉሡ መኖሪያ፣ የእንግዳ መቀበያ፣ የፍርድ ቦታና መስጊድ አሉበት። አስጎብኚ ያዙ፤ የትኛው ቤት ምን እንደነበር በራሳችሁ አትለዩትም።

ከሁሉ የሚበልጠው እንጨቱ ነው። ሰገነቱ ሥር ቁሙና ወደ ላይ እዩ፤ ምሰሶው፣ ተሸካሚው አግዳሚና የጣሪያው ማገር እንዴት እንደተያያዙ ከዚያ ይነበባል። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላችሁ በእንጨቱ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ ጠርዝ ተመልከቱ። የህንድና የአረብ እጅ አለበት የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ሂርማታ የተባለው የጥንቱ የጅማ ገበያ የረጅም መንገድ ነጋዴ ይሰፍርበት ስለነበር አይገርምም። ሰገነቱ ላይ ስትወጡ በጥቂት በጥቂቱ እየሆናችሁ ውጡ፣ መከታውን አትደገፉት። አሮጌ እንጨት ክብደትን ተዘርግቶ ሲያርፍበት ይችላል፣ አሥር ሰው ለቡድን ፎቶ አንድ ጥግ ሲሰበሰብበት ግን መጋጠሚያው ይላላል። የተቀረጸውን ጌጥ በእጅ መዳበስም ይቅር፤ የእጅ ወዝና እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ውስጡ ጨለም ስለሚል ፍላሽ ከማብራት ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማንሳት የተሻለ ምስል ይሰጣል።

መስጊዱ ይሰገድበታል። ለመግባት ፈቃድ ጠይቁ፣ ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ሻሽ ያዙ፣ በሰላት ሰዓት ውጭ ቆዩ። ሽማግሌ ስታገኙ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ስትለዩ «ገለቶማ» (እናመሰግናለን) በሉ። ይህን ያህል ኦሮምኛ ብዙ በር ይከፍታል።

በመመለሻ ጊዜ ከተረፋችሁ ቦዬ ረግረግን እዩ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ቅርብ ነው፣ ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ጥሩ ነው። አካባቢው በጉማሬም ይታወቃል፤ ጉማሬ ሲመሻሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ በእሱና በውኃው መካከል በፍጹም አትቁሙ።

ሁለተኛው ቀን ወደ አጋሮ መስመር ነው፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል። መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልን ታልፋላችሁ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎች የወጡበት ነው። ለመግባት ቀድሞ ደብዳቤ ማስገባት ያስፈልጋል፣ በር ላይ ቆሞ መለመን አያዋጣም። ከአጋሮ በቅርብ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ አለች፣ የቡና መገኛ ተብላ የምትነገረው። ቡናው ደርሶ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በሌላ ወር ከሄዳችሁ ቅጠል ነው የምታዩት። የጅማ አካባቢ ቡና በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ስለሚበቅል እንደ አትክልት ቦታ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ማሳው የሰው ነው፤ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ፣ እሸቱን አትቀጥፉ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል (ከነልጣጩ የሚደርቀውን ቡና) በእጅ አትበትኑት፤ እርጥቡና ደረቁ ከተቀላቀለ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

ለማስታወሻ የሚገዛው የጅማ በርጩማ ነው። የገበያው ቀን ሐሙስ ነው፤ ምርጫ በዚያ ቀን ይበዛል። እውነተኛው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ገልብጣችሁ መቀመጫውና እግሩ የሚገናኙበትን ቦታ እዩ፤ የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ወደ እግሩ መውረድ አለበት። እዚያ ላይ ኮላ ወይም ምስማር ካለ ተጋጥሞ የተሠራ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። ሦስት እግር ያለው ነገር ምንም ወለል ላይ ስለማይንገዳገድ በመነቅነቅ አትፈትኑት፤ ይልቅ ሜዳ ላይ አስቀምጡና መቀመጫው ወደ አንድ ጎን አለማዘንበሉን ተመልከቱ። ከመጠኑ በላይ ከከበደ እርጥብ ነው። እርጥብ በርጩማ ደረቅ አየር ያለበት ቤት ሲገባ ከመሃሉ ይሰነጠቃል። ከወደዳችሁት ግን ግዙት፤ ቤት ስትደርሱ ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ ጥላ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል አቆዩት፣ ከዚያ በሰም ወልውሉት።