በቮልስ ላይ የተሠራ ስፒድስተር፦ መብራቱ ሲደበዝዝ፣ ሞተሩ ሲግል፣ ፍሬኑ ሲይዝ

የፖርሽ 356 ስፒድስተርን (ጣሪያው የሚከፈት የድሮ የስፖርት መኪና ነው) ቅጂ በአሮጌ ቮልስ ላይ መሥራት እብደት አይደለም፤ 356 ራሱ በ1948 ሲወለድ ብዙ ዕቃ የተዋሰው ከቮልስዋገን ነበር። የቮልሱ ሻንሲ ወደ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ያጥርና የፋይበርግላስ ቦዲ ይጫንበታል፤ ከዚያ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ ነገር ይሻሻላል። እኔን ያስቸገሩኝ ብልሽቶች አብዛኞቹ የመጡት የብረቱ ቦዲ ድምፁን አጥፍቶ ይሠራው የነበረውን ሥራ ፋይበርግላሱ ስለማይሠራው ነው።

ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይደበዝዛል

በቮልስ ላይ ከአምፖሉ የወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በቦዲው ብረት በኩል ነው። ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በጎረቤት አምፖል በኩል ሾልኮ ይወጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፊውዝ ስቀይር ዋልኩ። ምርመራው ግን የአምስት ደቂቃ ነው፦ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ አምጥተው የአምፖሉን ማቀፊያ ብረት ያስነኩ። መብራቱ ቦግ ካለ ጥፋቱ ተገኘ። ከየመብራቱ ጥቁር ሽቦ አውጥተው አንድ ቦታ ይሰብስቡ፤ ከዚያም በወፍራም ገመድ ከሻንሲው ጋር በብሎን ይሰሩት። የሚታሰርበት ቦታ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ይፋቅ፤ ቀለም ላይ የታሰረ ሽቦ እንዳልታሰረ ነው።

ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ ይግላል

መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ይዩ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ፋኑ ከሞተሩ ክፍል አየር ስቦ ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። ወደ ታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክለው በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራና የላስቲክ ጠርዝ ነው። የቅጂው ቦዲ ከላሜራው ጋር እምብዛም ስለማይገጥም ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ሲመሽ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ የእጅ ባትሪ ከሥር ያብሩና ከላይ ይመልከቱ፤ ብርሃን ያሳለፈ ክፍተት ሁሉ ሙቀትም ያሳልፋል። በላሜራና በላስቲክ ይድፈኑት። ከዚያም በኋላ የዘይቱ ሙቀት ከ120 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ የሞተሩን ክዳን ጥቂት ከፈት አድርገው አስረው በዚያው መንገድ ይንዱ። ሙቀቱ ከቀነሰ የአየር መግቢያው ጠቧል ማለት ነው። ይህ ሳይስተካከል የ1600 ሲሲውን ሞተር ወደ 1776 ሲሲ ለማሳደግ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ የሚገዛው ተጨማሪ ሙቀት ነው።

የፊት ዲስክ ከተገጠመ በኋላ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል

ጥቂት ነድተው መኪናውን በክሪክ ያንሱና ጎማውን በእጅ ያዙሩ። እምቢ ካለ የፍሬኑን አየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ያላሉት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት መስመሩ ውስጥ ታፍኗል። ካልተለቀቀ ግን የተጣበቀው የዲስኩ ፒስተን ነው። ለታፈነው ግፊት መጀመሪያ በፔዳሉ ዘንግና በፖምፓው መካከል 1 ሚሊሜትር ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ይህ ወጪ የለውም። ክፍተቱ ኖሮም ከያዘ ፖምፓው ለታምቡር ፍሬን የተሠራው፣ ጥቂት ግፊት የሚያስቀረው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ለዲስክ በሚሆነው ይቀየር። በሁለቱም መንገድ ከጨረሱ በኋላ አየሩን ማስወጣት እንዳይረሱ።

በፍጥነት ሲነዳ መሪው ይዋልላል

ቦዲው ቀላል ስለሆነ ከፊት ያለው ክብደት ትንሽ ነው፤ የፊት ጎማ አየር ከኋላው ያነሰ ይሁን። ካልበቃ ከፊተኛው አክስል የታችኛው ቱቦ ጀርባ የሚገባ ቀጭን የብረት ማስደገፊያ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ በብዙ ያንሳል።