የድሮ ፎቶና ትዝታ ስታጋሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጽሐፍ ላይ ያልሰፈረ የአካባቢ ታሪክ ብዙ ጊዜ ያለው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። የፈረሰ ድልድይ፣ ስሙ የተቀየረ ሰፈር፣ ዛሬ ማንም የማያነሳው ሙያ። እሱን ስናጋራ ግን ሳናውቅ የምናበላሸው ነገር አለ።

የመጀመሪያው የፎቶውን ፊት ብቻ ስካን ማድረግ ነው። ስሙ፣ ቀኑ፣ የፎቶ ቤቱ ማህተም ያለው ጀርባው ላይ ነውኮ! ሁለቱንም ገጽ አንሱ። ለትንንሽ ፎቶ 600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ጥሩ ነው። አልበም ከሆነ ፎቶዎቹን ከማውጣታችሁ በፊት ገጹን እንዳለ አንሱት፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተለጠፈም መረጃ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግምትን እንደ እውነት መጻፍ ነው። አንዱ "1950ዎቹ ይመስለኛል" ይላል፣ ሁለተኛው ሲያጋራው "ይመስለኛል" የምትለዋ ትቀራለች፣ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ የተረጋገጠ ዘመን ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያርመዋል? ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን ለዩ። ማን እንደነገራችሁም ጻፉ። ሁለት አዛውንቶች የተለያየ ነገር ካሉ ሁለቱንም አስፍሩ። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ዘመኑን ለማጥበብ ይረዳል፤ ግን የሚነግራችሁ ፎቶው መኪናው ከመመረቱ በፊት እንዳልተነሳ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም መኪና ሃያ ዓመትም ይነዳል።

አጠያየቃችንም ችግር አለበት። "ይሄ የድሮው ገበያ ነው አይደል?" ካላችሁ መልሱ "አዎ" ነው። ፎቶውን ለአዛውንቶቹ ስጧቸውና "ምን ይታይዎታል?" በሉ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ።

በኤአይ ቀለም መቀባት? ቀለሙ ግምት ነው፤ ፊት "ሲያጠራ" ደግሞ ያልነበረ መልክ ይፈጥራል። ከተጠቀማችሁ ዋናውን አብራችሁ አውጡ። ቴሌግራም ላይም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፤ በፋይል ላኩት።

ሳይጠይቁ ማውጣት ከባድ ጥፋት ነው። አንዳንዱ ታሪክ የተደበቀው ሰው ፈርቶ ወይም ቆስሎ ነው። የእስር፣ የግጭት ወይም የስደት ፎቶ ከሆነ በምስሉ ያሉትን ወይም ቤተሰባቸውን አስፈቅዱ። "አይሆንም" ካሉ አይሆንም።

ስካን ተደርጓል ብላችሁም ዋናውን አትጣሉ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፎቶው ፊት ሊያልፍ ይችላል። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፣ ሳትጫኑ።