አዲሱ የትራክተር ተቀጥላ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አዲስ ማረሻ ወይም መዝሪያ ተገዝቶ ማሳ ከገባ በኋላ አልሠራ ሲል አንጀት ያሳርራል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ብዙ ሰው ወዲያው "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። እኔ ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ ግን የሚነሱት ትራክተሩና ተቀጥላው ከሚገናኙበት ቦታ ነው። ሜትር፣ ጠመኔና ሚዛን ከያዛችሁ አብዛኛውን ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

ፒኑ አልገባም፣ ወይም ገብቶ ይንቀጫቀጫል

ከትራክተሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ማያያዣዎች በካታጎሪ፣ ማለትም በመጠን ደረጃ፣ ይከፈላሉ። በካታጎሪ 1 የታችኞቹ ፒኖች ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው። በካታጎሪ 2 ደግሞ የታችኞቹ 28፣ የላይኛው 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀጭኑን ፒን ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ብትከቱት ለጊዜው ይሠራል። ውሎ አድሮ ግን ቀዳዳውን ይበላዋል፤ የእርሻው ጥልቀትም አይረጋም። ክፍተቱን የሚሞላ ቡሽ አለ፣ እሱን ግዙ።

ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ፒኑ ወፍሮ ቀዳዳው ከጠበበ፣ እባካችሁ ፒኑን አታስጠርቡት። የወፈረው የሚሸከመው ጭነት ከባድ ስለሆነ ነው። ተቀጥላው ለትራክተራችሁ ከብዷል ማለት ነው፤ ሻጩን በትንሽ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁት። በታችኞቹ ፒኖች መካከል ያለውንም ርቀት ለኩ። በካታጎሪ 1 ወደ 68 ሴንቲ ሜትር፣ በካታጎሪ 2 ወደ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ልዩነት ቡሽ አያስተካክለውም።

ተቀጥላው ሲነሳ መሪው ይቀላል

ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ዳገት ላይ ወይም መንገድ ላይ የፊት ጎማ መሬት ከለቀቀ ሰው ይሞታል። ተቀጥላው ወደ ላይ ተነስቶ ሳለ የፊት አክስሉ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከባዶው ትራክተር ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ መሆን አለበት። የፊት ክብደት ጨምሩ። መዝሪያ ከሆነ ዘርና ማዳበሪያ ሞልታችሁ ፈትኑት። ባዶውን ሲያነሳው ደህና የነበረ ትራክተር ሲሞላ ፊቱን ሊያነሳ ይችላል።

ትራክተሩ ያቃስታል፣ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል

መጀመሪያ መንሸራተቱን በቁጥር እወቁት። በኋላ ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሩ። ማረሻውን አንስታችሁ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ሂዱና ርቀቱን ለኩ። ከዚያ ማረሻውን አውርዳችሁ እያረሳችሁ 10 ዙር ድገሙት። መጀመሪያ 45 ሜትር፣ ቀጥሎ 36 ሜትር ከሄዳችሁ መንሸራተቱ 20 በመቶ ነው። ያ ብዙ ነው። ከ8 እስከ 15 በመቶ ያለው ጤነኛ ነው።

ከዚያ በላይ ከሆነ ጥልቀቱን ቀንሱ፤ የጎማ ንፋሱን እዩ፤ የኋላ ክብደት ጨምሩ። ሦስቱም ካልረዱ ማረሻው ለፈረስ ጉልበቱ ሰፍቷል። አንድ ዲስክ ወይም አንድ አካል የሚነቀልለት ከሆነ ንቀሉለት። በግዢ ቀን "ትንሽ ሰፋ ቢል ቶሎ እጨርሳለሁ" የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው አሳስቷል። የሰፋ ማረሻ በተንሸራተተ ጎማ ከጠበበው ያነሰ ማሳ ሊጨርስ ይችላል፤ ነዳጁም ከላዩ ላይ አለ።

ማረሻው መሬት አይገባም፣ ወይም አፈሩ ይለጠፍበታል

ሞልድቦርድ የሚባለው አፈር ገልባጭ ማረሻ ካልገባ የላይኛውን ማያያዣ ዘንግ አሳጥሩት፤ አፍንጫው ወደ ታች ያዘነብላል። ግራና ቀኙን ስታስተካክሉ ግን ጠፍጣፋ ግቢ ውስጥ እንዳታደርጉት። በእርሻ ጊዜ አንዱ ጎማ ትልም ውስጥ ስለሚሄድ ትራክተሩ ያዘነብላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ትልም ካረሳችሁ በኋላ እዚያው ቆማችሁ አስተካክሉ።

ዲስክ ማረሻ የሚገባው በክብደቱ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ቀና አድርጉት፤ ካልበቃው ክብደት ጫኑበት። መከስከሻው ደግሞ የዲስክ ረድፎቹን ማዕዘን ስትከፍቱት ጠልቆ ይገባል።

አዲስ ማረሻ ላይ አፈር ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀለሙ ነው። አፈሩ ሊንሸራተት የሚችለው በጠራ ብረት ላይ ነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አንሱትና አሸዋማ ቦታ ላይ ጥቂት እረሱ። ፊቱ እንደ መስታወት ሲያበራ አፈሩ ይለቃል። ሥራ ስትጨርሱ ግራሶ ቀቡት፤ ከዛገ እንደገና ሀ ብላችሁ ትጀምራላችሁ።

ካርዳኑ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል

ካርዳን የትራክተሩን ኃይል ወደ ተቀጥላው የሚያደርስ ዘንግ ነው። ሮታቬተር፣ ማለትም አፈሩን በሚሽከረከሩ ምላጮች የሚፈጭ ተቀጥላ፣ ስትገዙ አስቀድማችሁ የፒቲኦውን፣ ከትራክተሩ ጀርባ ወጥቶ የሚሽከረከረውን የኃይል ዘንግ፣ ጥርሶች ቁጠሩ። 6 ጥርስ ያለው በደቂቃ 540 ዙር ነው፤ 21 ጥርስ ያለው 1000 ዙር ነው። ለ540 የተሠራን ተቀጥላ በ1000 ማዞር ዕቃውን ይሰባብራል፤ አጠገቡ ያለውንም ሰው ለአደጋ ይዳርጋል።

ርዝመቱም ያስቸግራል። ካርዳኑ ከረዘመ ተቀጥላው ሲነሳ ወይም ሲወርድ ጫፉ ይመታና ኩሽኔታውን ይሰብራል። ተቀጥላውን ከላይ እስከ ታች እያንቀሳቀሳችሁ አጭር የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉና በዚያ ለኩ። የሚቆረጥ ከሆነ ውጪኛውና ውስጠኛው ቱቦ፣ ሁለቱም የላስቲክ ሽፋኖች፣ እኩል ይቆረጣሉ። ሲዘረጋ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ተደራርቦ መቅረት አለበት። ተገጣጥሞም ከተንቀጠቀጠ በሁለቱ ክሮቸራዎች (የካርዳኑ ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) በኩል ያሉት የቱቦዎቹ ሹካዎች አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን እዩ። ሽፋኑን አውልቆ መሥራት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ልብስ ከያዘ እጅ ይዞ ይሄዳል።

አንድ ነገር ላንሳ፦ ከመጀመሪያው ሥራ በፊት የሮታቬተሩን የማርሽ ሳጥን የዘይት መጠን እዩ። ባዶውን የሚመጣ አለ።

ዘሩ በዛ፣ አነሰ፣ ወይም አንዱ ረድፍ ባዶ ቀረ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የማረሻ ስህተት በዚያው ቀን ይታያል። የመዝሪያ ስህተት የሚታየው ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቡቃያው ሲወጣ ነው። ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?

መዝሪያው ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የዘሩ መጠን ይለያያል፤ መድኃኒት የተቀባ ዘርም እንደ ደረቁ አይፈስም። ስለዚህ በራሳችሁ ዘር መዝኑ። 10 ረድፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሥራው ስፋት 2 ሜትር ነው። ዘር ማውረጃውን የሚያዞረውን የመዝሪያውን መንኮራኩር ዙሪያ ማሳ ላይ፣ መዝሪያው ሞልቶ ለኩ፤ 2 ሜትር ሆነ እንበል። አንድ ዙር 4 ካሬ ሜትር ይዘራል፤ 25 ዙር ደግሞ 100 ካሬ ሜትር። መንኮራኩሩን ከመሬት አንስታችሁ 25 ጊዜ አዙሩት፣ ከቱቦዎቹ የወረደውን ዘር ሰብስባችሁ መዝኑ፣ በ100 አባዙት። 1.2 ኪሎ ከሆነ በሄክታር 120 ኪሎ ነው። መድኃኒት ያለው ዘር ከሆነ ጓንት አድርጉ።

የየቱቦውን ዘር ለብቻው ከመዘናችሁ ደግሞ የቱ ረድፍ እንደሚያጭበረብር ታውቃላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ከአዲስ መዝሪያ አንዱ ቱቦ ጠብ የሚል ነገር አልወጣው አለ። መዝጊያውን ፈታሁ፣ ጥርሱን አየሁ፣ ሁሉም ደህና ነው። በመጨረሻ ጣቴን ከላይ ወደ ቱቦው ጉሮሮ ስሰድ የተጨማደደ የማሸጊያ ላስቲክ አገኘሁ። ያንን ሳላይ ዘርቼ ቢሆን ከየ10 ረድፉ አንዱ ባዶ ይቀር ነበር።

ቱቦው ሥራ ላይ ከተደፈነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአወራረድ ነው። ትራክተሩ ቆሞ ወይም ወደ ኋላ እየሄደ መዝሪያው ሲወርድ ፈር ከፋቹ አፈር ይጎርሳል። ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ስትሄዱ አውርዱት።

በቆሎ ላይ ሁለት ሁለት ፍሬ ከወረደ የዘር ሳህኑ ቀዳዳ ለፍሬው ሰፍቷል፤ ከዘለለ ጠቧል፣ ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። ሳህኑን ከመቀየራችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሳችሁ ሞክሩ።

ጥቂት ሜትር እንደዘራችሁ ውረዱና ተንበርከኩ። አንድ ሜትር ረድፍ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡ። በሄክታር 120 ኪሎ፣ ሺህ ፍሬው 40 ግራም የሚመዝን ስንዴ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ረድፍ ከሆነ በሜትር ወደ 60 ፍሬ ማግኘት አለባችሁ። ጥልቀቱንም ከላይኛው አፈር እስከ ፍሬው ለኩ። ለስንዴ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ደህና ነው። ከጎን ወዳለው ረድፍ ሄዳችሁ ድገሙት። አንዱ ጠልቆ ሌላው ላይ ላዩን ከቀረ ሞላዎቹ እኩል አልተወጠሩም፣ ወይም መዝሪያው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

መስበሪያ ቡሎኑ በየቀኑ ይሰበራል

ያ ቡሎን የተቀመጠው እንዲሰበር ነው። ድንጋይ ሲመታ እሱ ተሰብሮ የማርሽ ሳጥኑን ያድናል። ቶሎ ቶሎ ከሄደ መላላቱን አረጋግጡ፤ የላላ ቡሎን እየተንገጫገጨ ይቆረጣል። ሮታቬተሩን በሙሉ ዙር እየተሽከረከረ መሬት ላይ መጣልም ይሰብረዋል፤ በዝግታ አውርዱት። ጠንካራ ቡሎን መተካት ግን ስብራቱን ወደ ማርሽ ሳጥኑ ማዛወር ነው። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ከተጻፈ የሚገባው 8.8 ነው። ዕቃውን በምትረከቡበት ዕለት ጥቂት መለዋወጫ ከነዳዶው ጠይቁና ትራክተሩ ላይ አስቀምጡ። ማሳ መሃል በቡሎን ፋንታ የአርማታ ብረት የሚያስገባ ሰው፣ መለዋወጫ ሳይዝ የወጣ ሰው ነው።